ያውቁ ኖሯል? ማሽኑ «ብላስት?» ብሎ ሲጠይቅ

ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ ምርመራ) ሲታዘዝልዎ ደምዎ ሐምራዊ ክዳን ያለው ቱቦ ውስጥ የሚገባው እንዳይረጋ ነው። በቱቦው ያለው ኢዲቲኤ የተባለ ኬሚካል ደሙ ለመርጋት የሚያስፈልገውን ካልሲየም ይይዝበታል።

ደምን በማሽን የመቁጠር ዘዴ የአሜሪካዊው ዋላስ ኩልተር ነው፤ ፓተንቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ሴል በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ የኤሌክትሪክ ፍሰቱን ለቅጽበት ይገታል፤ ግዝፈቱ የሚታወቀውም በዚሁ ነው።

ለደም ካንሰር ግን ግዝፈት ብቻውን አይበቃም። ብላስት መቅኔ ውስጥ መብሰል ሲገባው ሳይበስል ወደ ደም የሚወጣ ለጋ ሴል ነው፤ አንዳንዱ በመጠኑ ከጤነኛ ሊምፎሳይት አይለይም። ስለዚህ አዳዲሶቹ ማሽኖች እያንዳንዱን ሴል በሚያበራ ቀለም ነክረው በሌዘር ፊት ያሳልፉታል። ወደ ፊት የሚያልፈው ብርሃን መጠኑን፣ ወደ ጎን የሚበተነው የውስጡን ቅንጣቶች፣ ከቀለሙ የሚፈነጥቀው ደግሞ የኑክሊክ አሲዱን ብዛት ያሳያል። ሲስሜክስ ከተባለው አምራች ማሽኖች አንዱ የመለኪያ ቻናል ከሁሉም ይገርመኛል፦ የለጋ ሴል ልባስ የቅባት ይዘቱ ከበሰለው ስለሚለይ፣ የሚጨመርበት ኬሚካል ሁለቱን እኩል አይበሳቸውም፤ በዚህም ይለያቸዋል።

ሦስት ዓይነት ነጭ ሴሎችን ብቻ የሚለዩት ማሽኖችስ? ብላስቱን ብዙ ጊዜ «ሚድ» የሚለው ረድፍ ውስጥ ይከቱታል። የሚድ ቁጥር ያለ ምክንያት ከፍ ካለ በዝምታ ሊታለፍ አይገባም።

ማሽኑ በሽታ አይሰይምም፤ «ብላስት?» ብሎ ይጠቁማል እንጂ። በቫይረስ የተቆጡ ሊምፎሳይቶች ያሳስቱታል፤ ጥቂት ብላስትም ሊያመልጠው ይችላል። ለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ2005 ዓለም አቀፍ የሙያተኞች ቡድን የማሽን ውጤት መቼ በማይክሮስኮፕ ስላይድ እንደሚጣራ የሚደነግጉ 41 ሕጎች ያወጣው።

በማይክሮስኮፕ ማየት ደግሞ የቆየ ጥበብ ነው። በኮልፌ ቀራንዮ፣ ዘነበ ወርቅ፣ አለርት ግቢ ውስጥ ያለው የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1970 ተመሠረተ። ስሙን ያገኘበት ኖርዌያዊ ሐኪም የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1873 ያየው በማይክሮስኮፕ ነው። ብላስትንም ዛሬ የሚያረጋግጠው ስላይዱን በራይት ቀለም ነክሮ የሚያየው ባለሙያ ነው፤ ትልቅ ኑክሊየስ፣ ልል ክሮማቲን፣ ጎልቶ የሚታይ ኑክሊዮለስ። በአብዛኛው አጣዳፊ የደም ካንሰር የሚባለው ብላስቱ ከደም ወይም ከመቅኔ ሴሎች 20 በመቶ ሲደርስ ነው፤ ዓይነቱ ደግሞ በተጨማሪ ምርመራ ይለያል።

እንግዲህ ሐኪምዎ «ስላይድ ይታይ» ወይም «ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሂዱ» ካለዎት «ነገ» አይበሉ፤ የቀድሞ የሲቢሲ ወረቀቶችዎንም ይዘው ይሂዱ።