ስለ ዕቃ መዝገብና ስለ መንትያው

በፋብሪካ አገር የአንድ ዕቃ ታሪክ ከንድፉ አንሥቶ እስኪጣል ድረስ በመዝገብ ይጠበቃል፤ ይኸውም የምርት ዕድሜ አስተዳደር ይባላል። ዲጂታል መንትያ ግን በኮምፒዩተር ውስጥ የሚኖር የዕቃው አምሳያ ነው፤ ከዕቃው ዘወትር ወሬ እየተቀበለ የሚመጣውን ብልሽት አስቀድሞ ያመለክታል። ማይክል ግሪቭስ በ2002 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን ያቀረበው ስለዚሁ አስተዳደር ሲናገር ነበር፤ መንትያው ከመዝገቡ ተወለደ።

ለመንዝ ደጋ የሚቀርበው መዝገቡ ነው። ቶሎ የሚያድገው ጠቦት ዘር ሳይተው ለገበያ ይወሰዳል፤ ደካማው ለርቢ ይቀራል፤ የበጉም ዘር እየወረደ ይሄዳል። ስለዚህ የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማእከል ከ2009 እ.ኤ.አ. አንሥቶ ከገበሬዎች ጋራ የግልገሉን ትውልድና ክብደት እየመዘገበ አውራ በግ ማስመረጥ ዠመረ።

እንግዲህ መንትያ የሚመኝ ሹም አስቀድሞ መዝገቡን ያቅና፤ ያልተመዘገበ በግ መንትያ አይኖረውምና።