ከሰማይ የሚወርድ ማዳበሪያ ደንን እንዴት ይጎዳል?

ስለ አየር ብክለት ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ጭስን፣ ሳልንና የጠቆረ ሰማይን ነው። ዛሬ የምንመለከተው ግን ዓይን የማያየውን፣ ሲጀምር እንዲያውም ጥቅም የሚመስለውን ብክለት ነው። አባቶች “ሲበዛ ማርም ይመራል” እንደሚሉት ነው።

ናይትሮጅን ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶውን ይይዛል። ይሁን እንጂ ዛፍም ሆነ ሰብል በአየር ውስጥ እንዳለ ሊጠቀምበት አይችልም። ለዘመናት ይህን ወደሚጠቅም ምግብ የሚለውጡት በአፈር ውስጥና እንደ ባቄላ ባሉ ተክሎች ሥር የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት፣ በመጠኑም መብረቅ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1909 ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሃበር ከአየር ናይትሮጅን አሞኒያ መሥራት ቻለ፤ በ1913 በፋብሪካ መመረት ጀመረ። ገበሬያችን የሚያውቀው ዩሪያም የሚገኘው በዚሁ መንገድ ነው። ያለዚህ ማዳበሪያ የዛሬውን የዓለም ሕዝብ መመገብ እጅግ አዳጋች በሆነ ነበር። ስለዚህ ነገሩን እንደ እርግማን ብቻ ማየት ትክክል አይመስለኝም።

ችግሩ የሚመጣው ናይትሮጅኑ ካሰብንለት ቦታ ሲያመልጥ ነው። ከከብት እበትና ሽንት እንዲሁም ከተበተነ ማዳበሪያ አሞኒያ ይተናል (የተዘጋ በረት የገባ ሰው ዓይን የሚቆጠቁጠውን ሽታ ያውቀዋል፤ እርሱ ነው)። ከመኪና፣ ከኃይል ማመንጫና ከፋብሪካ ደግሞ የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ይወጣሉ። እነዚህ በነፋስ ተጉዘው ከዝናብ ጋር ወይም ደረቅ እንደሆኑ መሬት ላይ ያርፋሉ። የዛፎች ቅጠልና ቅርንጫፍ አየሩን እንደ ወንፊት ስለሚያጣራ ደን ከሜዳ የበለጠ ይቀበላል።

ኔዘርላንድን እንውሰድ። አገሪቱ ትንሽ ናት፤ ከብትና አሳማ ግን በብዛት ይረባባታል። በአንድ ሄክታር መሬት ላይ በዓመት በአማካይ ወደ 20 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይወርድባታል። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነውና ይህ በየዓመቱ ከ40 ኪሎ በላይ ዩሪያ በእያንዳንዱ ሄክታር ላይ እንደ መበተን ነው። ማዳበሪያ ላጠረው ገበሬ ይህ ስጦታ በሆነ ነበር። ፌሉዌ በሚባለው አሸዋማ ስፍራ ለሚገኘው ደን ግን ከአቅም በላይ ነው።

መጀመሪያ ዛፎቹ ፈጥነው ያድጋሉ። ከዚያ አፈሩ ይጠግባል። የተረፈው ናይትሮጅን ናይትሬት ሆኖ ከውኃ ጋር ወደ ታች ሲሰርግ ካልሲየምና ማግኒዚየምን ይዞ ይሄዳል፤ አፈሩም እየኮመጠጠ ይመጣል። ከዛፍ ሥር ጋር ተባብረው የሚኖሩ እንጉዳዮች ይመናመናሉ። ሣር፣ ሳማና እሾሃማ ቁጥቋጦ ደግሞ ለምለሙን አግኝተው ሌሎቹን ዕፅዋት ይውጣሉ። ከሩቅ ለሚያይ ደኑ አረንጓዴ ነው፤ ጤነኛም ይመስላል።

ጉዳቱን ቀድመው ያሳዩት ወፎች ናቸው። በዚያው አካባቢ የሚኖሩ ትንንሽ የጫካ ወፎች ቅርፊታቸው የሳሳና የሚሰባበር እንቁላል መጣል ጀመሩ። ተመራማሪዎች ምክንያቱን እ.ኤ.አ. በ1994 ይፋ አደረጉ። ወፎቹ ለእንቁላል ቅርፊት የሚሆን ካልሲየም የሚያገኙት የቀንድ አውጣ ዛጎል በመብላት ነበር። አፈሩ ሲኮመጥጥ ቀንድ አውጣዎቹ ጠፉ። ዛጎል ከሌላ ቦታ ሲቀርብላቸው የወፎቹ እንቁላል ደህና ሆነ። በዚያን ጊዜ ከናይትሮጅን ጋር የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ ሰልፈርም አፈሩን ያኮመጥጥ ነበር። ሰልፈሩ ከዚያ ወዲህ በእጅጉ ቀንሷል፤ ናይትሮጅኑ ግን ያን ያህል አልቀነሰም።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት፣ ናይትሮጅን ወደፊት ይቀንሳል በሚል ተስፋ ብቻ ፈቃድ መስጠት ሕገ ወጥ ነው ሲል ወሰነ። በሺህ የሚቆጠሩ የግንባታና የእርሻ ዕቅዶች ቆሙ። በጥቅምት መጀመሪያ ገበሬዎች ትራክተሮቻቸውን እየነዱ ሄግ ከተማ ገቡ። በመጋቢት 2020 ደግሞ በአውራ ጎዳናዎች ላይ የቀን ፍጥነት በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እንዲሆን ተደረገ። ገበሬዎቹን ለመውቀስ አልቸኩልም። ለአሥርተ ዓመታት “ብዙ አምርቱ” ሲባሉ የኖሩ ናቸው፤ አሁን በረታቸውን እንዲቀንሱ ወይም እንዲዘጉ የሚጠየቁትም እነርሱው ናቸው።

ከነገ ጀምሮ ልቀቱ ቢቆም እንኳ ከአፈሩ ታጥቦ የሄደው ካልሲየም ወዲያው አይመለስም። በመሆኑም በፌሉዌ አንዳንድ ቦታዎች የተፈጨ ድንጋይ በደኑ ውስጥ እየተበተነ ይሞከራል። ድንጋዩ የሚሟሟው ቀስ በቀስ በመሆኑ ውጤቱን ለማየት ዓመታት ይፈጃል።