ልጁ የሚያድረው የት ነው?

እ.ኤ.አ. በጥር 2011 በኦሃዮ ክፍለ ግዛት፣ በአክረን ከተማ የምትኖር ኬሊ ዊሊያምስ-ቦላር የተባለች እናት እስር ቤት ገባች። ሁለት ሴት ልጆቿን ያስመዘገበችው እሷ በምትኖርበት ከተማ ሳይሆን አባቷ በሚኖሩበት በአጎራባቹ የኮፕሊ-ፌርለውን ስኩል ዲስትሪክት ነበር። ዲስትሪክቱ የግል መርማሪ ቀጥሮ አስከተላት፤ ከ30 ሺህ ዶላር በላይ የትምህርት ክፍያም ጠየቃት። ሰነድ አጭበርብራለች ተብላ ጥፋተኛ ሆነች፣ ዘጠኝ ቀንም ታሰረች። አድራሻቸውን የሰጧት አባቷም አብረው ተከሰው ነበር። እሷ በትምህርት ቤት ረዳትነት እየሠራች መምህርት ለመሆን የምትማር ሴት ስለነበረች፣ በስሟ የተመዘገበው ከባድ ወንጀል የማስተማር ፈቃድ ሊያሳጣት ይችል ነበር። የይቅርታ ቦርዱ ምሕረት አይገባትም ቢልም ገዥው ጆን ኬሲክ በዚያው ዓመት መስከረም ወንጀሉን ወደ ቀላል ጥፋት ዝቅ አደረጉላት።

የጉዳዩ ሥር ገንዘብ ነው። የአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከባጀቱ ትልቅ ድርሻ የሚያገኘው ከአካባቢው ነው፤ ከአካባቢው ገቢ ደግሞ ዋናው የቤትና የመሬት ግብር ነው። ቤት ውድ በሆነበት ሰፈር ትምህርት ቤቱም ይደላዋል። የሳን አንቶኒዮ ድሃ ወላጆች ይህ አሠራር ፍትሐዊ አይደለም ብለው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢሄዱም በ1973 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ተረቱ። ከዚያ ወዲህ የዲስትሪክት ወሰን በልጆች ዕድል ላይ የሚወስን መስመር ሆኖ ቆይቷል። መስመሩ እንዲህ ውድ እስከሆነ ድረስ ወደ ማዶ የሚሻገር ወላጅ አይጠፋም።

ነዋሪነትን ማጣራቱ በራሱ ሕጋዊ ነው፤ እኔም አልቃወመውም። ግብሩን የከፈለ ነዋሪ ወንበሩ ለልጁ እንዲጠበቅለት መጠየቁ ተገቢ ነው። የ1983ቱ የማርቲኔዝ ክስ ደግሞ በአሜሪካ የምንኖረውን ኢትዮጵያውያን በቀጥታ ይመለከተናል። ቴክሳስ የተወለደ፣ ወላጆቹ ግን ሜክሲኮ የሚኖሩ ልጅ እህቱ ዘንድ ሆኖ በነፃ ልማር ሲል ተከለከለ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በስምንት ለአንድ ድምፅ ለክፍለ ግዛቱ ፈረደ። ለትምህርት ብቻ ተብሎ ዘመድ ጋር የተቀመጠን ልጅ እንደ ነዋሪ ላለመቁጠር ክፍለ ግዛት ይችላል ማለት ነው። አክስት ወይም አጎት ጋር ሆኖ መማር ለእኛ ከጥንት የኖረ ወግ ነው። ለትምህርት ቤቱ መዝጋቢ ግን አሳዳጊነቱ በወረቀት ካልተረጋገጠ አጎት የልጁ ኃላፊ አይደለም። ዋሽንግተን ዲሲን የመሰሉ ቦታዎች ልጁን በእርግጥ የሚያሳድገው ሌላ ዘመድ ከሆነ ያንን የሚያረጋግጥበት ፎርም አዘጋጅተዋል። ብዙዎቻችን ግን መኖሩን የምንሰማው ችግር ላይ ከወደቅን በኋላ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። መዝጋቢዋ የምትጠይቀው የኪራይ ውል፣ የመብራት ወይም የጋዝ ቢል፣ የደመወዝ ወረቀት ነው። ዲቪ ደርሶት የመጣ ቤተሰብ የሚያርፈው ዘመድ ቤት ወይም የአገር ልጅ ቤዝመንት ውስጥ ነው። ኪራዩን በእጅ ይከፍላል፣ ውል የለውም፣ ቢሉም በባለቤቱ ስም ነው የሚመጣው። እዚያው እያደረ እዚያው እየኖረ ማስረጃ የለውም። አሠሪዎቿ ቤት እያደረች ልጅ የምትጠብቅ እናትም ችግሯ ያው ነው። በ2014 በካሊፎርኒያዋ ኦሪንዳ አንድ ዲስትሪክት የእንዲህ ያለች ሠራተኛን ልጅ፣ የሰባት ዓመት ሕፃን፣ በመርማሪ አስጠንቶ ካሰናበተ በኋላ ነገሩ አደባባይ ሲወጣ ውሳኔውን ሽሯል። የማጣራት ሥራው ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ይታየኛል፤ ውሸታሙ የተሟላ ወረቀት ይዞ ሲያልፍ እውነተኛው ባዶ እጁን ስለመጣ ይጠረጠራል።

በዲሲ አካባቢ ፈተናው የታወቀ ነው። ከተማዋ ለሦስትና ለአራት ዓመት ሕፃናት በነፃ ታስተምራለች። የቤት ኪራይ ያስመረረው ቤተሰብ ወደ ሜሪላንድ ሲሻገር ለሕፃን ማቆያ የሚጠየቀው ገንዘብ ያስደነግጠዋል፣ የድሮ አድራሻውን እንደያዘ መቆየትም ያምረዋል። ከተማዋ ታዲያ ነዋሪነትን በየዓመቱ ታጣራለች። ነዋሪ ያልሆነ ተማሪ በዓመት ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ይከፍላል፤ ዋሽቶ የተገኘን ወላጅ ደግሞ ዋና ዓቃቤ ሕጉ የዕዳውን ሦስት እጥፍ ሊጠይቁት ይችላሉ። ከተከሰሱት መካከል የከተማዋ የራሷ ሠራተኞች ነበሩበት። አድራሻ ማበደር በእኛ ዘንድ ውለታ ይመስላል፤ የኬሊን አባት ያየ ሰው ግን ተበዳሪውም አበዳሪውም እንደሚጠየቁ ያውቃል።

ደባል ለሆነ ቤተሰብ ግን ዛሬ የሚቆምለት፣ በ1987 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ፤ ማኪኒ-ቬንቶ ይባላል። ቤት በማጣት ወይም በገንዘብ ችግር ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተዳብሎ የሚኖር ልጅ በዚህ ሕግ ዓይን ቤት አልባ ነው፤ የኪራይ ውልም ሆነ ሌላ ወረቀት ባይኖረው ወዲያው መመዝገብ አለበት። ዲስትሪክቱ ካልተስማማም ክርክሩ እስኪያልቅ ልጁ ከክፍል አይወጣም። በፈቃዱ ወጪ ለመቆጠብ ብሎ የተዳበለን ሰው ግን ሕጉ አይሸፍነውም። በ2011 በኮነቲከት፣ በኖርዎክ ከተማ፣ ቤት አልባ የነበረች እናት ልጇን በሞግዚቱ አድራሻ በማስመዝገቧ በስርቆት ተከሳለች። ሕጉ የወጣው እንደ እሷ ላለችው እናት ነበር።

ስለ መኖሪያ ፈቃድ የሚሰጋ ወላጅም ይህን ይወቅ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 የፈረደው ልጅ ወረቀት ስለሌለው ከነፃ ትምህርት አይከለከልም ብሎ ነው። የፌዴራሉ የፍትሕና የትምህርት መሥሪያ ቤቶችም በ2014 ለዲስትሪክቶች በላኩት ደብዳቤ፣ አድራሻ መጠየቅ እንደሚቻል፣ በውጭ አገር የልደት ሰርተፊኬት ወይም በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ማጣት ሰበብ ልጅ መመለስ ግን እንደማይቻል ገልጸዋል።

ስለዚህ ልጃችሁን ልታስመዘግቡ ስትሄዱ የሰው ቢል አትዋሱ። የምትኖሩት ተዳብላችሁ ከሆነ ይህንኑ በግልጽ ተናገሩና ለጋራ መኖሪያ የሚሞላውን ፎርም ጠይቁ፤ በየዲስትሪክቱ መኖር ካለበት የማኪኒ-ቬንቶ ተጠሪ (ላያዘን) ጋርም አገናኙን በሉ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ በዲሲና በሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የአማርኛ ቅጾች አሉ። ዘመድ ቤታችሁ ያስጠጋችሁ የቤት ባለቤቶች ከሆናችሁም፣ አብሯችሁ መኖሩን በፊርማችሁ አረጋግጡለት። እውነት እስከሆነ ድረስ የሚያስፈራ ነገር የለውም።