ዝም ያለች ቀንድ አውጣ ሞታለችን?

በቦሌና በምሥራቁ የአዲስ አበባ ክፍል፣ ከመድኃኔዓለም አካባቢ አንሥቶ እስከ ገርጂ፣ እስከ ሰሚትና እስከ አያት ድረስ፣ በሆቴል መግቢያ፣ በሐኪም ቤት መጠበቂያ ክፍልና በኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ አኳሪየም የሚባለውን የመስተዋት የዓሣ ሣጥን ማየት ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ከሥራ የተመለሰ ወጣት ሠራተኛ፣ ወይም ለፈተና ሲያጠና ያመሸ ተማሪ፣ ዓይኑን ለጥቂት ጊዜ በዓሣዎቹ ላይ ቢያሳርፍ መንፈሱ ዕረፍት ያገኛል። ዓሣ ማሳደግን የለመደ ሰው ደግሞ ውሎ አድሮ አንዲት ቀንድ አውጣ መጨመር ያምረዋል፤ በመስተዋቱ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ አልጌና ከዓሣው የተረፈውን ምግብ እየለቀመች ትበላለችና።

ችግሩ የሚጀምረው በማግሥቱ ነው። አዲሲቱ ቀንድ አውጣ ወደ ውኃው ከገባች ጀምሮ ከዛጎሏ አልወጣች፤ ከወደቀችበት ጠጠር ላይም አልተነሣች። አንድ ቀን ታለፈ፤ ሁለተኛውም ቀን ተጨመረ። ባለቤቱ «ሞታለች» ብሎ ይፈርድና ከቆሻሻ ጋራ ይጥላታል። ዳሩ ግን እንዲህ ከሚጣሉት ውስጥ ብዙዎቹ ገና በሕይወት ያሉ ናቸው። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ያሉት አባቶች ቀንድ አውጣን አስበው ባይሆንም፣ ምሳሌው ለእርሷም ይስማማል።

ዝምታዋ ከምን የመጣ ነው?

ቀንድ አውጣ ጠላቷን የምትሸሽበት እግር፣ የምትዋጋበትም ጥርስ የላትም። መከላከያዋ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ወደ ዛጎሏ ገብቶ መጠበቅ ነው። እንዳንዱ ዓይነት በእግሩ ጫፍ ላይ የበር መዝጊያ የሚመስል ጠንካራ ክዳን ስላለው ሲገባ አፉን ገጥሞ ይዘጋዋል። ሌላው ዓይነት ክዳን የለውም፤ ሥጋውን ብቻ ወደ ውስጥ ይሰበስባል። ከሻጩ ቤት ወጥታ በፕላስቲክ ከረጢት ተቋጥራ በታክሲ የተጓዘች፣ ከዚያም ሙቀቱና ጣዕሙ ወደ ተለየ ውኃ የተጣለች ቀንድ አውጣ በሯን ብትዘጋ ምን ያስደንቃል? አብዛኞቹ ዓይነቶች የበለጠ የሚንቀሳቀሱት በጨለማ መሆኑን ደግሞ ልብ ይሏል። ቀን ድንጋይ መስላ የዋለችው፣ ሰው ሲተኛ ስትዞር አድራ ሊሆን ይችላል።

የዝምታ ችሎታዋም እጅግ የሚያስገርም ነው። በአገራችን ወንዞችና ኩሬዎች የሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች በበጋ ውኃው ሲደርቅባቸው በጭቃው ውስጥ ተሸሽገው፣ ሳይበሉና ሳይንቀሳቀሱ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ ይቆያሉ። ዝናቡ ሲመለስ ተነሥተው መዞር ይጀምራሉ። እንግዲህ ለእንዲህ ያለው ፍጡር ሁለትና ሦስት ቀን ዝም ማለት ብቻውን የሞት ምልክት አይሆንም።

ሕያውን ከሙት መለየት

ነገር ግን በእውነት የሞተችውን በሣጥኑ ውስጥ መተውም ጉዳት አለው። የሞተ ቀንድ አውጣ ሥጋ በፍጥነት ይበሰብሳል፤ ከብስባሹም አሞኒያ የተባለው መርዝ በውኃው ውስጥ ይበዛና ዓሣዎቹን ይጎዳል። ስለዚህ መጠበቅ ማለት ሳይመረምሩ መተው ማለት አይደለም።

ምርመራው ቀላል ነው። በመጀመሪያ ቀንድ አውጣይቱን ከውኃው አውጥቶ ማሽተት ነው። የሞተች እንደሆነች ግማቷ ወዲያው ይታወቃል፤ ይህን ሽታ አንድ ጊዜ ያሸተተ ሰው ሁለተኛ አይሳሳትም። ሁለተኛ፣ ክዳን ያላት ዓይነት ከሆነች ክዳኑን በጣት ጫፍ ቀስ አድርጎ መንካት ነው፤ አጥብቃ ከያዘች ወይም ወደ ውስጥ ከሳበች ሕያው ናት፤ ክዳኑ ላልቶ የሚንቀሳቀስ ወይም ሥጋዋ ወደ ውጭ ተዝረክርኮ ሲነኩት የማይሰበሰብ ከሆነ ግን ነገሩ አብቅቷል። ክዳኑን በጥፍር ወይም በቢላዋ ፈልቅቆ ማየት ፈጽሞ አይገባም፤ በሕይወት ያለችውን መግደል ይሆናልና።

በዚህም ካልተለየ፣ ከሣጥኑ የተቀዳ ንጹሕ ውኃ በትንሽ ሳሕን አድርጎ፣ ቀንድ አውጣይቱን ለብቻዋ በዚያ ማሳደር ነው። ይህ ዘዴ በሳይንስ ሊቃውንትም ዘንድ የታወቀ ነው። ሊቃውንቱ ቀንድ አውጣን የሚገድል መድኃኒት ሲፈትኑ፣ እንስሳቱን በመድኃኒቱ ውስጥ 24 ሰዓት ካቆዩ በኋላ የማይንቀሳቀሱትን ሁሉ ወዲያው «ሙታን» ብለው አይቈጥሩም። ወደ ንጹሕ ውኃ አዛውረው ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ቀን ይጠብቃሉ፤ ከዝምታ የሚነቁ ይኖራሉና። በቤተ ሙከራ ያለ ሊቅ እንዲህ ከታገሠ፣ በቤቱ ያለ ሰው የማይታገሥበት ምክንያት የለም።

የአዲስ አበባ ውኃ፣ ብርድና አየር

ሕያው መሆኗ ከታወቀ በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ፣ ከበሯ እንዳትወጣ የከለከላት ምንድን ነው የሚለው ነው። በእኛ ከተማ ሊጠረጠሩ የሚገባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ።

አንደኛው የቧንቧ ውኃ ነው። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውኃ አንዱ ትልቅ ክፍል ከከተማይቱ በስተምሥራቅ ካለው ከለገዳዲ ግድብ ተጣርቶ የሚመጣ ነው። የቧንቧ ውኃ ተሕዋስያንን ለመግደል ክሎሪን ይገባበታል። ይህ ክሎሪን ለሰው ጤና ጠባቂ ሲሆን፣ በውኃ ውስጥ ለሚተነፍሱ እንስሳት ግን ጎጂ ነው። መፍትሔውም ውኃውን አፉ በሰፋ ባልዲ ቀድቶ፣ ሳይከድኑ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ማሳደር፣ ወይም ለዚሁ ተብሎ የሚሸጠውን የክሎሪን ማጥፊያ መጠቀም ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ በተከደነ ሮቶ ወይም ጄሪካን የተጠራቀመውም ቢሆን ከፍቶ ማሳደር ይገባዋል።

ሁለተኛው ብርድ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይወርዳል። ለሽያጭ የሚቀርበው ትልቁ ቢጫ ቀንድ አውጣ ግን ትውልዱ ከደቡብ አሜሪካ ሞቃት ውኃ ነው፤ የሚስማማውም ከ20 እስከ 28 ዲግሪ ያለው ሙቀት ነው። በማሞቂያ ያልታገዘ ሣጥን በእንዲህ ያለ ሌሊት ሲቀዘቅዝ፣ ወይም መብራት ጠፍቶ ማሞቂያው ሲቆም፣ ቀንድ አውጣይቱ ደንዝዛ ትቀመጣለች። ለዚህም አንዲት ትንሽ የውኃ ቴርሞሜትር ከብዙ ግምት ትሻላለች። ውኃው የቀዘቀዘ ከሆነ ቀስ በቀስ ማሞቅ ነው እንጂ የፈላ ውኃ መጨመር ሌላ ጥፋት ይሆናል።

ሦስተኛው አየር ነው። በከፍታችን ምክንያት የአዲስ አበባ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በእኩል ሙቀት ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅን እንኳ በወደብ ከተማ ካለው ሣጥን ይልቅ በቦሌ ካለው ሣጥን ውስጥ በሩብ ያህል ያንሳል። ብዙ ዓሣ በትንሽ ሣጥን ያጨናነቀ ሰው ይህን ማሰብ አለበት፤ አየር የሚነፋው ሞተርም ሌሊት ባይጠፋ መልካም ነው። ከላይ ያልናት ትልቋ ቢጫ ቀንድ አውጣ እንኳ ወደ ውኃው ፊት ወጥታ አየር የምትስብበት ቱቦ ስላላት፣ ከውኃው በላይና ከክዳኑ በታች ጥቂት ባዶ ቦታ ሊተውላት ይገባል።

አራተኛው የሣጥኑ አዲስነት ነው። ትናንት የተሞላ ሣጥን ለዓይን ጥርት ያለ ቢሆንም፣ አሞኒያውን የሚለውጡት ረቂቃን ባክቴሪያዎች ለመራባት ሳምንታት ያስፈልጋቸዋል። እነርሱ ሳይደራጁ ብዙ እንስሳ ማስገባት ሁሉንም ማስጨነቅ ነው።

ሳሙናና መዳብ፤ ከዓድዋ ወንዝ የተገኘ ትምህርት

አምስተኛው ነገር የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉት ወጣት ኢትዮጵያዊ ሊቅ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ለማጥናት ወደ ዓድዋ ሄደው ነበር። በዚያም ሴቶች ልብሳቸውን በእንዶድ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ሲመለከቱ፣ ከማጠቢያው በታች ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። በሌላው ቦታ ያሉት ግን ሕያዋን ነበሩ። ዶክተሩ አይተው አላለፉም። ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት ባሉበት ቦታ የእንዶድ አረፋ እንዲጨመር አደረጉ፤ እነዚያም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። አያቶቻችን ለዘመናት ነጠላቸውን ያነጡበት ፍሬ ቀንድ አውጣ ገዳይ መሆኑ በዚህ ታወቀ። ከእንዶድ ውስጥ የተገኘውም ንጥረ ነገር በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 እ.ኤ.አ. ቢያርፉም፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ይህ ታሪክ ለአኳሪየም ባለቤት ሁለት ትምህርት ይሰጣል። የመጀመሪያው፣ ልብስ በሚታጠብበት ባልዲ የአኳሪየም ውኃ መቅዳት አይገባም የሚለው ነው። እንዶድም ሆነ የዛሬው ኦሞ፣ ጥቂት ቅሪት እንኳ ለቀንድ አውጣ አደገኛ ነው፤ ስለዚህ ለሣጥኑ ብቻ የሚያገለግል ባልዲ ይኑር። መዳብም እንዲሁ ነው። የመዳብ ሰልፌት ቀንድ አውጣ ለማጥፋት ያገለገለ መርዝ ሲሆን፣ ለታመመ ዓሣ ከሚሸጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ መዳብ አለባቸው። ዓሣውን አድናለሁ ሲል ቀንድ አውጣውን የገደለ ሰው ብዙ ነውና ጽሑፉን አስቀድሞ ማንበብ ያሻል። ሁለተኛው ትምህርት፣ አንድ ቀንድ አውጣ ስትሞት ወይም ስትደነዝዝ በውኃው ውስጥ ምክንያት መኖሩን ነው። ምክንያቱን የፈለገ ያገኛል።

የሚደረገው ነገር በአጭሩ

አዲስ ቀንድ አውጣ ሲመጣ ከነከረጢቱ ግማሽ ሰዓት ያህል በሣጥኑ ውኃ ላይ ማንሳፈፍ፣ ከዚያም ከሣጥኑ ጥቂት ጥቂት ውኃ እየጨመሩ ለአንድ ሰዓት ያህል ማለማመድ ነው። ወደ ሣጥኑ ሲገባ መብራቱን ማጥፋትና መተው ነው። በየሰዓቱ እያነሡ መነካካት በሩን እንደገና ያዘጋዋል። የሚነክሱ ዓሣዎች ቀንዶቿን እየለቀሙ እንደሆነ ከርቀት ማየት ይገባል፤ እንደዚያ ከሆነ ለጊዜው ለብቻዋ ማድረግ ነው።

በሁለተኛው ቀን ማታ በቅቤና በጨው ያልተነካ፣ በውኃ ብቻ የተቀቀለ አንዲት ቅጠል ቆስጣ ወይም ቁራጭ ዝኩኒ አጠገቧ ማኖር ነው። ጠዋት ካልተበላ ይወጣል፤ ውኃውን ያበላሻልና። ለዛጎሏም ካልሲየም ያስፈልጋታል፤ የታጠበና የተቀቀለ የዕንቁላል ቅርፊት ተፈጭቶ ቢገባ ይረዳል። በሦስተኛው ቀን ገና ካልወጣች፣ ከላይ የተነገረውን የማሽተትና የሳሕን ምርመራ ደግሞ፣ ከሣጥኑ ውኃ አንድ አራተኛውን ባደረ ውኃ መለወጥ ነው። ሽታ እስከሌላት ድረስ ተስፋ አለ።

ከሐይቅ አታምጡ፤ ወደ ወንዝም አትጣሉ

በመጨረሻ ከቀንድ አውጣይቱ ሕይወት ይልቅ የሰውን ጤና የሚመለከት ነገር እንጨምራለን። ለዕረፍት ወደ ዝዋይ፣ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ጣና የሄደ ወጣት፣ በዳርቻው ያየውን ቀንድ አውጣ በጠርሙስ ይዞ ለመምጣት ይከጅል ይሆናል። ይህን ፈጽሞ ማድረግ አይገባም። የአንጀት ቢልሃርዝያን የምታስተላልፈው ባዮምፋላሪያ የተባለችው ቀንድ አውጣ እንደ በግ ቀንድ ጠፍጥፋ የተጠቀለለች፣ በየአኳሪየሙ ከምትሸጠው የበግ ቀንድ መሰል ዓይነት ጋራ አንድ ቤተሰብ የሆነች ናት። ላልተማረ ዓይን ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። ቀንድ አውጣይቱ በሽታውን ይዛ አትወለድም፤ በሽተኛ ሰው በተጸዳዳበት ውኃ ውስጥ ትያዛለች። ከተያዘች በኋላ ግን በዓይን የማይታዩ ትሎችን ወደ ውኃው ትለቃለች፤ እነርሱም ያልቆሰለውን የሰው ቆዳ በስተው ይገባሉ። እጁን ወደ ሣጥኑ የሚሰድ ሰው በገዛ ቤቱ በሽታ ሊሸምት ነው ማለት ነው። ስለዚህ ቀንድ አውጣ የሚወሰደው በአኳሪየም ውስጥ ከተራባው ነው።

እንዲሁም የተሰለቸችውን ወይም የበዛችውን ቀንድ አውጣ ወደ ቡልቡላ ወይም ወደ ሌላ ወንዝ መጣል አይገባም። ከሌላ አገር የመጣ ቀንድ አውጣ በባዕድ ውኃ ተራብቶ ሰብል ያጠፋባቸው አገሮች አሉ፤ በእስያ ያሉ የሩዝ ገበሬዎች ከደቡብ አሜሪካ በመጣች የቀንድ አውጣ ዘር ብዙ ተጎድተዋል።

አንዲት የጣት ጫፍ የምታህል ፍጡር ይህን ያህል ልፋት ይገባታልን የሚል አይጠፋም። በእጅ ያለ ሕይወት ትንሽም ቢሆን አደራ ነው። ከዚህም በላይ፣ ሳይመረምሩ አለመፍረድን፣ ምክንያትን መፈለግንና በጊዜው መታገሥን የምታስተምር ከሆነ፣ ለነገው ሐኪም፣ ለነገው ዳኛና ለነገው የቢሮ ኃላፊ ከብዙ ስብከት የበለጠ ትጠቅማለች። ዛሬ ማታ መብራቱ ሲጠፋ፣ ሣጥኑ አጠገብ ጥቂት ቆሞ መመልከት ነው፤ ክዳኑ በቀስታ ተከፍቶ ሁለት ቀጫጭን ቀንዶች ብቅ ይሉ ይሆናል።