ከመጋረጃው እስከ እርሻው ዳር

መጽሐፍ ቅዱስን ከዘፍጥረት ጀምሮ ለማንበብ የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚደክመው ኦሪት ዘሌዋውያን ላይ ሲደርስ ነው። የመሥዋዕቱ ዓይነት፣ የደሙ አረጫጨት፣ የሚበላውና የማይበላው እንስሳ ዝርዝር ያታክተዋል። እኔ ግን ስለ ቅድስና መማር ለሚፈልግ ሰው የምመክረው ከዚሁ መጽሐፍ 16ኛውንና 19ኛውን ምዕራፍ አያይዞ እንዲያነብ ነው።

16ኛው የስርየት ቀን ሥርዓት ነው። እስራኤላውያን በምድረ በዳ ያመልኩበት የነበረው የመገናኛው ድንኳን፣ ርዝመቱ 100 ወርዱ 50 ክንድ በሆነ አደባባይ ውስጥ ይተከል ነበር። ሕዝቡ መሥዋዕቱን ይዞ እስከ አደባባዩ ይመጣል፤ ካህናቱ ወደ ቅድስቱ ይዘልቃሉ፤ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ታቦቱ ወዳለበት ቅድስተ ቅዱሳን ግን የሚገባው ሊቀ ካህናቱ ብቻ ነው፤ እሱም በዓመት አንድ ቀን፣ በሰባተኛው ወር በ10ኛው ቀን። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ በተከፈለ ቤተ ክርስቲያን ላደገ አንባቢ አሠራሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ምዕራፉ የሚጀምረው ሞትን በማስታወስ ነው። የሊቀ ካህናቱ የአሮን ልጆች ናዳብና አብዩድ ያልታዘዘ እሳት አቅርበው ተቀስፈዋል። አባታቸው ወደ ውስጥ የሚገባው ይህን እያወቀ ነው። ገላውን ይታጠባል። ለሕዝቡ ከማስተስረዩ በፊት ስለ ራሱና ስለ ቤተሰቡ ኃጢአት ወይፈን ያርዳል። ከመሠዊያው ፍም የተሞላ ጽናና ሁለት እጅ ሙሉ የላመ ዕጣን ይዞ ሲገባ፣ ጢሱ የታቦቱን መክደኛ ይጋርድለታል፤ እንዳይሞት። እኔን ከሁሉ የሚነካኝ ልብሱ ነው። ወርቅና የከበረ ድንጋይ ያለበትን ልብሰ ተክህኖ ትቶ፣ ተራ የበፍታ ቀሚስ ለብሶ ይቀርባል። እጅግ ወደ ተቀደሰው ስፍራ የሚገባው ሰው ጌጡን ሁሉ አውልቆ ነው።

19ኛው ምዕራፍ ላይ ቃሉ የሚመጣው ለመላው ማኅበር ነው፤ እግዚአብሔር ቅዱስ ነውና እነሱም ቅዱሳን ይሁኑ። እንዴት? ገበሬ ሲያጭድ የእርሻውን ዳር አይጨርስ፤ ቃርሚያውን ለድሃና ለመጻተኛ ይተው። የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ሳይከፈል አይደር። መስማት የተሳነው አይሰደብ። ሚዛኑም የኢፍ መስፈሪያውም እውነተኛ ይሁን። ሰንበትን ስለ ማክበር፣ የመሥዋዕቱ ሥጋ እስከ መቼ ሊበላ እንደሚችል የሚናገሩት ትእዛዞችም እዚያው መሐል ገብተዋል፤ ጸሎትና ንግድ በየፈርጁ አልተለየም።

ይህ ሕግ በሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚመስል መጽሐፈ ሩት ያሳየናል። ሞዓባዊቷ መበለት በቤተልሔም ከአጫጆቹ ኋላ ኋላ እየተከተለች ስትቃርም ውላ፣ ማታ የለቀመችውን ስትወቃው አንድ ኢፍ ያህል ገብስ ሆነላት። አማቷና እሷ የበሉት ከዚያ እርሻ ነው።

ተቃራኒውን ያየው ነቢዩ አሞጽ ነው። ከቴቁሔ የመጣው ይህ እረኛ በዳግማዊ ኢዮርብዓም ዘመን የወቀሳቸው ነጋዴዎች ሰንበት አልሻሩም፤ በበዓሉ ቀን እህል አይሸጡም። ልባቸው ግን መቼ አልፎልን የኢፍ መስፈሪያውን እናሳንስ፣ ሚዛኑንም እናዛባ እያለ ሰዓት ይቆጥራል። አሞጽ ያደረሰላቸው መልእክት ያ የሚያከብሩት በዓል ወደ ልቅሶ እንደሚለወጥባቸው ነው።