ነገ ፈቃድ የሚወጣ ወታደር ዛሬ ምን ይሠራል?

ውድ አንባቢ፣ ልጅህ ወይም ወንድምህ ወታደር ከሆነ ፈቃድ ወጥቶ ሲመጣ አይተኸዋል። ደጃፍ ላይ ሲደርስ እልል ይባላል፤ ቡና ይፈላል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል። ከዚያ በፊት የነበረውን አንድ ቀን ግን አላየኸውም። ያ ቀን ለወታደር ሥራ የሚበዛበት ቀን ነው።

«ነገ ዕረፍት ከሆነ ዛሬ ምን ሥራ አለው?» ትል ይሆናል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። አንተስ ሩቅ አገር ለቅሶ ለመሄድ ስትነሣ በዋዜማው ምን ታደርጋለህ? ከብቱን ለጎረቤት አደራ ትሰጣለህ፤ ለጥጃዋ ሣር ታጭዳለህ፤ የተዋስከውን ቀንበር ትመልሳለህ። ወታደርም እንዲሁ ነው። በእጁ ያለው ጠብመንጃ፣ የሚቆምበት የዘብ ቦታ፣ የሚያድርበት ብርድ ልብስ የግሉ አይደለም። ሁሉንም ቆጥሮ ሳያስረክብ ከሰፈሩ አይወጣም።

እስቲ ቀኑን ከንጋት እስከ ማታ አብረን እንየው።

ንጋት፦ ዘብ ማስረከብ

ባለ ፈቃዱ የመጨረሻውን የሌሊት ዘብ ቆሞ አድሯል እንበል። ተቀያሪው ሲመጣ «በል ደህና ዋል» ብሎ ብቻ አይሄድም። ያየውንና የሰማውን ይነግረዋል። «በወንዙ በኩል ውሻ ሲጮኽ አድሯል። የአጥሩ ሽቦ እዚያ ጥግ ላይ ላልቷል።» ይህን ሳይናገር ቢሄድ ተቀያሪው ጨለማ ውስጥ እንደቆመ ይቆጠራል። ዘብ የሚረከበው ቦታውን ብቻ አይደለም፤ ወሬውንም ነው።

ሌላ ሥራ ያለውም እንዲሁ ያደርጋል። ሾፌር ከሆነ የመኪናውን ዘይት፣ ውኃና ጎማ እያሳየ ያስረክባል። ወጥ ቤት ከሆነ ዱቄቱን መዝኖ፣ ዘይቱን ለክቶ ያስረክባል። የሕክምና ሠራተኛ ከሆነ መድኃኒቱን ቆጥሮ፣ የታመሙትን በስም ጠርቶ ለሚተካው ያሳያል።

ጠዋት፦ ጠብመንጃውን ማጽዳትና መመለስ

ከቁርስ በኋላ ትልቁ ሥራ ይመጣል። የታጠቀውን ክላሽንኮቭ ወደ ግምጃ ቤት ይመልሳል። የቆሸሸ መሣሪያ ግን የሚረከበው የለም። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት ያዞራል። ቀጥሎ ካዝናውን ያወጣል። ከዚያም መሣሪያውን ስቦ ውስጡን በዓይኑ ያያል።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። አንተም ቤት መሣሪያ ካለ ልብ በል። ካዝና ስለወጣ ጠብመንጃው ባዶ ሆነ ማለት አይደለም። አንዲት ጥይት ውስጥ ገብታ ልትቀር ትችላለች። «ባዶ ነው» እየተባለ ስንት ሰው ሞቷል! ባዶ ነው የሚባለው ውስጡን በዓይን አይተው ሲያረጋግጡ ነው።

ከዚህ በኋላ መክደኛውን ይከፍታል፤ ሞላውን ያወጣል፤ ተንቀሳቃሹን ብረት ይፈታል። ጨርቅ በዘንግ ጠቅልሎ የባሩዱን ጥላሸት ከአፈሙዙ ያወጣል። ዘይት ይቀባል፤ ዘይት ሲበዛ ደግሞ አቧራ ስለሚይዝ ትርፉን ይጠርጋል። ቀጥሎ ጥይቱን ይቆጥራል። የክላሽ ካዝና የሚይዘው 30 ጥይት ነው። አራት ካዝና ተረክቦ ከነበረ 120 ጥይት ያስረክባል። 119 ከሆነ ጉዞው ይቆማል። አንዷ የት ሄደች? ተተኮሰች? ወደቀች? ተሸጠች? ጉዳዩ ተጣርቶ እስኪታወቅ ይጠየቃል።

በመጨረሻ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ በብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር ከመዝገቡ ጋር ያስተያያል። ክላሾች ሁሉ ሲያዩዋቸው አንድ ይመስላሉ፤ የሚለዩት በቁጥራቸው ነው። ቁጥሩ ልክ ከሆነ ሁለቱም ይፈርማሉ። ወታደሩ መፈረሙን ያየው እንደሆነ እፎይ ይላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። በችኮላ የተረከበ በኋላ ጣጣ አለበት።

እኩለ ቀን፦ የፈቃድ ወረቀት

አሁን ወደ ጽሕፈት ቤት ነው። የፈቃድ ወረቀት ትንሽ ብትሆንም ብዙ ነገር ይዛለች። የወታደሩ ስምና ማዕረግ፣ የሚሄድበት አገር፣ የሚነሣበት ቀን፣ የሚመለስበት ቀን፣ የአለቃው ፊርማና ማኅተም አሉባት። ብልህ ወታደር ወረቀቱን ሳያነብ ኪሱ አይከትም። የስሙ አንድ ፊደል ቢሳሳት ወይም ማኅተሙ ቢዘነጋ መንገድ ላይ ኬላ ሲደርስ ይጉላላል። ጽሕፈት ቤቱ አጠገብ ሳለ ማሳረም ቀላል ነው። ሁለት ቀን ከተጓዘ በኋላ ግን ማን ያርምለታል?

ቀኑን መቁጠርም ዕውቀት ይፈልጋል። 30 ቀን ፈቃድ ጥር 11 ይጀምራል እንበል። ጥር 11 ራሱ ይቆጠራል። እስከ ጥር 30 ድረስ 20 ቀን ሆነ። የቀረው 10 ቀን የካቲት 10 ያልቃል። ስለዚህ የካቲት 11 ጠዋት ስም ሲጠራ «አለሁ!» ማለት አለበት።

ጳጉሜን መሀል ስትገባ ደግሞ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፈቃዱ ነሐሴ 20 ቢጀምር፣ የነሐሴ 11 ቀንና የጳጉሜን 5 ቀን ሲደመሩ 16 ይሆናሉ። የቀረው 14 ስለሆነ መስከረም 14 ያልቃል። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ግን መስከረም 13 ነው። በአንዲት ቀን ስሕተት ሰው ሊቀጣ ይችላል።

ከሰዓት በኋላ፦ የጓደኞች አደራ

ወሬው በሰፈሩ ሲሰማ ጓደኞቹ አንድ በአንድ ይመጣሉ። አንዱ ፖስታ ይሰጠዋል። ሌላው ለእናቱ ነጠላ ይልካል። ሦስተኛው «ለአባቴ እጄ እንደዳነ ንገርልኝ» ይለዋል። አራተኛው ምንም የሚልከው የለውም፤ «በቤታችን በኩል እለፍና ደህና መሆናቸውን አይተህ ና» ብሎ ብቻ ይለምነዋል።

አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ነው። ስለዚህ አስተዋይ ወታደር አደራን በቃል ብቻ አይቀበልም። በአንድ ወረቀት ላይ በተራ ይጽፋል፦ ላኪው ማን ነው? ተቀባዩ ማን ነው? ገንዘቡ ስንት ብር ነው? ቀበሌው የት ነው? ተቀባዩ ገንዘቡን ሲወስድ እዚያው ወረቀት ላይ ይፈርማል። ወታደሩ ሲመለስ ወረቀቱን ለላኪው ያሳያል። እንዲህ ከሆነ መካካድ አይኖርም፤ ወዳጅነትም አይበላሽም።

ዛሬ የእጅ ስልክ ስላለ አደራው ቀለል ብሏል። ዱሮ ግን ፈቃድ የወጣ ወታደር የአገር ሁሉ ፖስተኛ ነበር። በግንቦት 1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ሲወጣ፣ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 የሆኑ ሰዎች 6 ወር ሠልጥነው 24 ወር እንዲያገለግሉ ያዝ ነበር። ዘመኑ የጦርነት ዘመን ስለነበር ሄደው የቀሩ ብዙ ናቸው። ያ ሥርዓት በግንቦት 1983 ዓ.ም. እስኪወድቅ ድረስ፣ በየመንደሩ ያለች እናት አንድ ወታደር ፈቃድ መጣ ሲባል የራሷ ልጅ ባይሆንም ሮጣ ትሄድ ነበር። «የእኔንስ አይተኸዋል?» ለማለት ነው።

ማታ፦ ተራው የማን ነው?

ሲመሽ ዕቃውን ይሸክፋል። ብርድ ልብሱን አስረክቧል። ለመንገድ ኮቾሮና በኮዳ ውኃ ይዟል። ጓደኞቹ ሻይ አፍልተው ያጫውቱታል። ከመሀላቸው አንዱ ግን ከሌሎቹ ይልቅ ቀኑን ደጋግሞ ይጠይቀዋል። «የካቲት 11 ትደርሳለህ አይደል?» ይህ ሰው ቀጣዩ ባለ ተራ ነው።

የዚህ ሁሉ ነገር ፍሬ እዚህ ላይ ነው። ፈቃድ እንደ መስኖ ውኃ ነው። ሁሉም በአንድ ቀን ማሳውን አያጠጣም። አንተ ተራህ ሲያልቅ ቦዩን ካልዘጋህ የታችኛው ጎረቤትህ ሽንኩርት ይደርቃል። ወታደርም በቀኑ ካልተመለሰ ዘቡን የሚሸፍን ሰው ስለሚጎድል ባለ ተራው አይለቀቅም። የእሱም እናት ቡና ቆልታ ትጠብቃለች።

የፈቃድ ተራ ሲዛባ ምን እንደሚሆን የሌላ አገር ታሪክም ያስተምራል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከፈረንሳይ እግረኛ ወታደሮች ብዙዎቹ እንዳንተ ገበሬዎች ነበሩ። እርሻውን ሴቶችና ሽማግሌዎች ይዘው ቀሩ። በ1909 ዓ.ም. ብዙ ሰው ያለቀበት ማጥቃት ከከሸፈ በኋላ፣ ብዙ ክፍሎች «ዳግመኛ አናጠቃም» ብለው አመፁ። ካነሷቸው ብሶቶች አንዱ ፈቃድ ማጣት ነበር። አዲሱ አዛዥ ጄኔራል ፔታን አንዳንዶቹን በፍርድ አስገደለ። ግን ምግቡን አሻሻለ፤ በየአራት ወሩም 7 ቀን ፈቃድ በተራ እንዲሰጥ አደረገ። ሰው ቤቱን የሚያይበትን ቀን ካወቀ ብዙ መከራ ይችላል። ያ ቀን ከጠፋበት ግን ልቡ ይሰበራል።

ቤተሰብስ ምን ያድርግ?

አንባቢ ሆይ፣ ልጅህ ሲመጣ መጀመሪያ አብላው፤ አሳርፈው። ከዚያ «ወረቀትህን አሳየኝ» በለው። ማንበብ ችለሃልና የመመለሻውን ቀን ራስህ አንብብ። ግድግዳህ ላይ በከሰል ጻፈው። መንገዱ ሁለት ቀን የሚፈጅ ከሆነና የመንገድ ቀን ለብቻ ካልተሰጠው፣ ፈቃዱ የካቲት 10 የሚያልቅ ልጅ የካቲት 9 ማለዳ ከቤት መውጣት አለበት።

ከቆላ ከመጣና ብርድ ብርድ ካለው፣ ትኩሳትም ከያዘው፣ «ድካም ነው» ብለህ አትለፈው። በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ውሰደውና ደሙ ይመርመር። አገርህ ደጋ ከሆነ «ከቆላ ነው የመጣው» ብለህ ለሐኪሙ ንገር፤ ወባ ሊሆን ይችላልና።

ስለ ጦሩ ቦታና ብዛት አትጠይቀው። እሱ እንዳይናገር ታዟል፤ ገበያ ላይ የተወራ ወሬ ደግሞ ባለቤት የለውም።

ከሁሉ በላይ «ውቂያው እስኪያልቅ ቆይልን» ብለህ አትያዘው። እንደምትወደው እናውቃለን። ግን የያዝከው የራስህን ልጅ ብቻ አይደለም። ሰፈር ሆኖ ተራውን የሚጠብቀውን የሌላ ገበሬ ልጅም ነው። እጅህ ካጠረ ጎረቤትህን ጥራና በደቦ አብረኸው ውቃ። ልጅህ በቀኑ ይመለስ፤ ያም በተራው ወደ እናቱ ይሂድ።