በሩዝ ላይ የሚጻፈው የመጀመሪያ ፊደል

ሕፃኑ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ገላውን ታጥቦ፥ አዲስ ልብስ ለብሶ፥ ከአንድ የማያውቀው ሽማግሌ ጭን ላይ ተቀምጧል። በፊቱ ጥሬ ሩዝ የተነጠፈበት ሰፊ ሣሕን ቀርቧል። ሽማግሌው የወርቅ ቀለበት ያነሣና በሕፃኑ ምላስ ላይ በቀስታ ፊደል ይጽፍበታል፤ ቀጥሎም የሕፃኑን ጣት ይዞ በሩዙ ላይ ያስጽፈዋል። ሕፃኑ ግን የቀኑን ክብር ከቶ ስለማያውቅ ብዙ ጊዜ ጮኾ ያለቅሳል። እናት ታባብላለች፤ አባት ይሥቃል፤ ተራ የሚጠብቁትም ሕፃናት ለቅሶውን ይቀበሉታል።

በደቡብ ሕንድ፥ በኬረላ አገር፥ የትምህርት በር የሚከፈተው በዚህ ዓይነት ነው። የኬረላ ስም ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ካስተማሩት ሕንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ የመጡት ከዚያ ነበርና። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ሥነ ሥርዓቱ በሳንስክሪት «ቪድያረምባም» ይባላል፤ ትርጓሜውም «የትምህርት መጀመሪያ» ማለት ነው። የኬረላ ሰዎች በገዛ ቋንቋቸው በማላያላም ደግሞ «ኤዡቲኒሩቱ» ይሉታል፤ ይኸውም ልጅን ለጽሕፈት ማስቀመጥ ማለት ነው። የሚፈጸመው «ቪጃያደሻሚ» በተባለው በዓል ሲሆን፥ እርሱም ዘጠኝ ሌሊት ከሚከበረው ከናቫራትሪ ቀጥሎ የሚውለው ዐሥረኛው ቀን ነው። በጨረቃ ስለሚቈጠር ቀኑ በየዓመቱ ቢለዋወጥም፥ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ይውላል።

ከዚያ ቀን አስቀድሞ ተማሪው መጽሐፉን፥ ጸሐፊው ብዕሩን፥ የእጅ ሙያ ያለውም መሣሪያውን፥ ሂንዱዎች የዕውቀት አምላክ ናት ብለው በሚያምኑባት በሳራስዋቲ ሥዕል ፊት ያኖራል። መጻሕፍቱ እስኪነሡ ድረስ ማንበብም መጻፍም አይፈቀድም፤ ይህ ክልከላ ተማሪውን ምን ያህል ደስ እንደሚያሰኘው መናገር አያስፈልግም። በዐሥረኛው ቀን ጠዋት መጻሕፍቱ ይነሣሉ፤ ትልቁም ሰው ሳይቀር በሩዝ ወይም በአሸዋ ላይ ጥቂት ፊደል ጽፎ እንደ አዲስ ተማሪ ይጀምራል። ሕፃኑ በመጀመሪያ የሚጽፈው ጸሎት «ሃሪ ሽሪ» ብሎ ስለሚነሣ፥ በማላያላም ማናቸውንም ሥራ መጀመር «ሃሪ ሽሪ መጻፍ» ይባላል።

ሕንድ ሰፊ አገር ስለ ሆነች ልማዱም በየክፍሉ ይለያያል። በቤንጋል ሥርዓቱ የሚፈጸመው በጥር ወይም በየካቲት በሚውለው በሳራስዋቲ በዓል ነው፤ ሕፃኑ ጠመኔ ይዞ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስለሚጽፍ ስሙም «ሃቴ ኮሪ»፥ ማለት «ጠመኔ በእጅ» ነው። በቴላንጋናም ወላጆች ልጆቻቸውን በጎዳቫሪ ወንዝ ዳር ወዳለው ወደ ባሳር የሳራስዋቲ ቤተ መቅደስ ይወስዳሉ።

ይሁን እንጂ ልማዱ ያማረ ስለ ሆነ ታሪኩም ሁሉ ያማረ ነበር ማለት አይደለም። በጥንቱ የሂንዱ ሕግ ልጅ ወደ መምህር የሚቀርብበት «ኡፓናያና» የተባለ ሌላ ሥርዓት አለ። በዚህ ቀን ልጁ የተቀደሰ ክር በትከሻው ላይ ይታሠርለታል፤ ከዚያም ቬዳ የተባሉትን ቅዱሳት መጻሕፍት ለመማር ይፈቀድለታል። የማኑ ሕግ የተባለው መጽሐፍ ለብራህማን ልጅ በስምንተኛው፥ ለክሻትሪያ በዐሥራ አንደኛው፥ ለቫይሽያ በዐሥራ ሁለተኛው ዓመት እንዲደረግ ያዝዛል። ለሹድራ ግን ዓመት አልተቈረጠለትም፤ ሥርዓቱ ለእርሱ አልተፈቀደምና። ከሹድራም በታች የተቈጠሩት ከነጭራሹ ከደጅ ቀሩ።

በደቡብ ኬረላ፥ በቀድሞው የትራቫንኮር መንግሥት፥ ፑላያ የተባሉት ወገኖች የባለርስቶችን የሩዝ ማሳ የሚያለሙ ሠራተኞች ነበሩ። ነገሩን በጥሞና ለተመለከተው ሰው እጅግ የሚያሳዝን ነበር፤ ፊደል የሚጻፍበትን ሩዝ የሚያበቅሉት እጆች በሩዙ ላይ ፊደል እንዳይጽፉ ተከልክለው ነበርና። ከእነዚህ ወገኖች አያንካሊ (1863–1941) የሚባል ሰው ተነሣ። እርሱ ራሱ ማንበብም ሆነ መጻፍ አያውቅም ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መንግሥት የፑላያ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲገቡ ቢያዝም፥ ትእዛዙ በወረቀት ላይ ቀረ፤ በየመንደሩ በሩ ተዘጋባቸው። በዚህ ጊዜ አያንካሊ ልጆቻቸው ካልተማሩ በስተቀር እርሻውን እንዳይነኩ ወገኖቹን መከረ። ሠራተኞቹም ሥራ አቆሙ፤ ማሳው ጦም አደረ። በኡሩታምባላም ፓንቻሚ የምትባል አንዲት ልጃገረድ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ ደግሞ ተቃዋሚዎቹ ትምህርት ቤቱን በእሳት አቃጠሉት። ነገር ግን የተከፈተው በር ተመልሶ አልተዘጋም።

በዚያው ዘመን ከኤዠዋ ወገን የተወለደው መምህር ሽሪ ናራያና ጉሩ (1856–1928) ትምህርት ለሁሉ ይድረስ እያለ ያስተምር ነበር። በ1912 በሺቫጊሪ ኮረብታ ላይ ለሳራስዋቲ ቤተ መቅደስ አቆመ፤ ሕፃናት ዛሬም በዚያ ፊደል ይጀምራሉ። በ1936 ደግሞ የትራቫንኮር ንጉሥ ቤተ መቅደሶች ለሂንዱዎች ሁሉ ያለ ወገን ልዩነት እንዲከፈቱ ዐወጀ።

ዛሬ በቪጃያደሻሚ ቀን በቲሩር ከተማ አጠገብ ቱንቻን ፓራምቡ ወደሚባለው ስፍራ የሄደ ሰው ለውጡን በዓይኑ ያያል። ይህ ስፍራ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው፥ የማላያላም ቋንቋ አባት የሚባለው ባለቅኔ የኤዡታቻን መኖሪያ ነበር። «ኤዡታቻን» ማለትም «የጽሕፈት አባት» ማለት ነው። እርሱም ከብራህማን ወገን አልነበረም። ወደዚያ በየዓመቱ በሺሕ የሚቈጠሩ ሕፃናት ይመጣሉ፤ የታወቁ ደራስያን ሳይቀሩ ተቀምጠው ፊደል ያስጀምሯቸዋል። የክርስቲያንና የእስላም ልጆችም ይገኙባቸዋል፤ ወገንህ ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

በ2011 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በመላው ሕንድ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ከመቶ 74 ያህል ሲሆን፥ በኬረላ ግን ከመቶ 94 ያህል ነበር። ይህ ሁሉ የአንድ ቀን ሥርዓት ፍሬ አይደለም። በሩዝ ላይ የተጻፈ ፊደል ሣሕኑ ሲነቀነቅ ይጠፋል፤ ጸንቶ እንዲቀር ከሥርዓቱ ቀጥሎ ትምህርት ቤት፥ መምህርና መጽሐፍ ያስፈልጋል። የሕንድ መንግሥትም ከስድስት እስከ ዐሥራ አራት ዓመት ላሉት ልጆች ትምህርት ነፃና ግዴታ እንዲሆን በ2009 ሕግ አውጥቶ፥ ሕጉ ከ2010 ጀምሮ ጸንቷል።

የኬረላ መምህራን በአገራችን ጥቁር ሰሌዳ ፊት በቆሙ ጊዜ ይህን ታሪክ በኋላቸው ትተው ነበር የመጡት። እንግዲህ በትምህርት ቤት ያለው ተማሪ እርሱን ለማስተማር ማን ምን እንደ ከፈለ ቢጠይቅ መልካም ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ያለው ወጣትም የተፈረመ ትእዛዝ በመዝገብ ቤት በሚያድርበት ጊዜ፥ ከትምህርት ቤት ደጅ ቆሞ የሚጠብቅ ሕፃን እንዳለ አይርሳ።